ጓሳን ማን ይዘጋል? ለነገ የደህንነት መሪዎች የሚሆን የመንዝ ጉዳይ

ለዕጩ መኮንኖች መጠይቅ አዘጋጅቶ «የአየር ንብረት ለውጥ ለብሔራዊ ደህንነት ስጋት ነው ብለው ያምናሉ?» ማለት ቀላል ነው። አብዛኛው «አዎ፣ በጣም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። እንዴት አያደርግም? በሬዲዮ ሲባል ይሰማል። ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ይተክላል። ከዚህ መልስ ግን ሰውዬው ነገ ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም።

እኔ ብሆን ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። በተመደብክበት ወረዳ በልግ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀረ። በጉ ከስቷል። ሰው በሌሊት ወደ ተከለከለ ሣር ከብት እየነዳ ነው የሚል ወሬ መጣ። መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ነው?

ይህን በደረቁ ማስተማር አይቻልም። ቦታ ይፈልጋል። ከእጥረት ጋር ብዙ ትውልድ የኖረ ሕዝብ ይፈልጋል። ነገ ፖሊስ፣ ጦር ወይም የጸጥታ ቢሮ የሚመሩ ወጣቶች የሚማሩበት አንድ ጉዳይ ምረጥ ብባል ከሰሜን ሸዋ የመንዙን ጓሳ እመርጣለሁ። ጓሳን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀይ ቀበሮና በጭላዳ ነው። ቱሪስቱም የሚሄደው እነሱን ብሎ ነው። የጸጥታ ሰው ግን ሌላ ነገር ሊያይበት ይገባል። እዚያ ሜዳ ላይ ሰዎች ወደ 300 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሣርን እጥረት በራሳቸው ሕግ ሲዳኙ ኖረዋል። ከዚያ ሕጉ በአንድ አዋጅ ፈረሰ። ከዚያ ደግሞ በሌላ መልክ ተመልሶ ቆመ። ሦስቱም ምዕራፍ ለትምህርት ይሆናል።

ሜዳው

ከአዲስ አበባ የደሴን መንገድ ይዞ ደብረ ብርሃንን ያለፈ ሰው ጣርማ በር ላይ ሁለት ምርጫ ይገጥመዋል። ዋሻውን አቋርጦ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል መውረድ፣ አለዚያም ወደ መሐል ሜዳ ታጥፎ ብርዱን መቀጠል። ጓሳ ያለው በብርዱ በኩል ነው፤ መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ውስጥ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ነው።

ሣሩ ለመንዝ ሰው የከብት መኖ ብቻ አይደለም። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። ገሳ ይሠራበታል። ዛፍ በማይበረክትበት በዚያ ብርድ ቁጥቋጦው ማገዶ ነው። ከሜዳው የሚነሳው ውሃ ደግሞ ሁለት አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። በምዕራብ የወረደው ዓባይን ይቀላቀላል። በምሥራቅ ከገደሉ የተወረወረው በይፋት በኩል የአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጓሳ ላይ የሚሆነው እዚያው ጓሳ ላይ አይቀርም። ቆላ ያለው ገበሬም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አርብቶ አደርም ይመለከተዋል።

የመንዝ መሬት ስስ ነው ብል መንዜዎች አይቆጡኝም። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ። የበጉ ጸጉር ባናና ዝተት ይሆናል። ክረምቱ ውሃና ውርጭ ስለሚያበዛ የብዙው ደጋ ኑሮ በበልግ ገብስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በልግ ደግሞ አመለኛ ዝናብ ነው። አንዳንዴ በየካቲት ይመጣል። አንዳንዴ ሚያዝያ ደርሶ ይጥልና ዘር ሳይይዝ ይጠፋል። አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። በልግ በቀረበት ዓመት ሰው ዓይኑን የሚጥለው ጓሳ ላይ ነው።

አባ ቄራ

ታሪኩ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። የአካባቢው ሰው የዘሩን ሐረግ ከሁለት አባቶች ይመዝዛል፤ ከአስቦና ከጌራ። መሬቱ የእነሱ ልጆች አጽመ ርስት ሆነ። እርሻው ተከፋፈለ። ጓሳ ግን አልተሸነሸነም፤ የጋራ ሆኖ ቀረ። የሚተዳደርበት ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። (ይህ ስም ዛሬ ሲነሳ የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወደ ቅርቡ ፖለቲካ ይሮጣል። የመንዙ ከዚያ ጋር አይገናኝም።)

ሥርዓቱን የሚመሩት አባ ቄራ ናቸው፤ አፈሮም ይባላሉ። ባለ መብቶቹ ተሰብስበው ይመርጧቸዋል። አባ ቄራ ጓሳ ተዘግቷል ካሉ ተዘጋ። ሣር ማጨድ የለም። ከብት ማሰማራት የለም። ማገዶ መልቀም የለም። መዘጋቱም ለአንድ ክረምት ብቻ አልነበረም። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት በተከታታይ ሊዘጋ ይችል ነበር። ጥበቃው የባለ መብቶቹ ሁሉ ግዴታ ነው። ተላልፎ የተገኘ ሰው ቅጣቱ የዋዛ አልነበረም።

አከፋፈቱ ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። በጋው ሲበረታ፣ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ፣ አባ ቄራ ቀኑን ያሳውቃሉ። መጀመሪያ የሚገባው ማጭድ የያዘ ሰው ነው። ሣሩ ታጭዶ ሲያልቅ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲይዝ፣ ሐምሌ አቦ ላይ፣ ሁሉም ለቅቆ ይወጣል። ሐምሌ 5 ማለት ነው። ቀኑ አልሰማሁም የሚያሰኝ አይደለም። የአቦን ቀን የማያውቅ መንዜ ከየት ይመጣል?

አሁን ይህን እንደ ጸጥታ ሰው እንየው። ጓሳ የሚከፈተው በሁለት ነገር ነው፤ ሣሩ ምን ያህል አደገ፣ ሰውስ ምን ያህል ተቸገረ። ማለትም ድርቅ ሥርዓቱን የሚያፈርስ ድንገተኛ ነገር አልነበረም። ሥርዓቱ የተሠራው ለድርቅ ነው። ጓሳ ለክፉ ቀን የተቀበረ የእህል ጉድጓድ ነበር፤ ቁልፉም በሚታወቅ ሰው እጅ ነበር።

ይህ «የሚታወቅ ሰው» የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። በሣር ምክንያት ሰው ዱላ የሚማዘዘው ሣር ስላነሰ ብቻ አይደለም። የወዲያኛው መንደር ሰው ሕጉን ያከብራል ወይ የሚለው ጥርጣሬ ነው ነገሩን የሚያከፋው። እኔ በጨዋነት በጎቼን ይዤ ስቀመጥ እሱ በሌሊት ቢያስገባስ? ነገ እኔም አስገባለሁ። ከነገ ወዲያ ጎረቤቴም ያስገባል። በሦስተኛው ሳምንት ጠመንጃ ይወጣል። የቄሮ ሥርዓት ይህን ጥርጣሬ ነበር የሚያጠፋው። ቀኑ ታወጀ፤ ሁሉም ሰማ። ጠባቂው ከሁሉም ወገን ነው። የአባ ቄራም በጎች እንደ ሌላው ሰው በጎች ውጭ ቆመዋል።

በዘመኑ የደህንነት ቋንቋ «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» የሚባል ነገር አለ። ኢጋድ በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ለዚህ ብሎ ሴዋርን የተባለውን ተቋም አቋቁሟል፤ ሥራውን የጀመረውም በድንበር ተሻጋሪ የአርብቶ አደር ግጭቶች ነው። ጥሩ ነገር ነው። መንዝ ላይ ግን ማስጠንቀቂያውም፣ ውሳኔውም፣ ማስፈጸሚያውም አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። አባ ቄራ ሣሩን አይተው «ዘንድሮ አይበቃም» ሲሉ ትንበያም ነው፣ ትእዛዝም ነው። ብዙ ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ሁለቱን ማገናኘት አቅቶት ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አዋጁና ከአዋጁ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ አወጣ። አዋጅ ቁጥር 31። ለብዙ የኢትዮጵያ ጭሰኛ ይህ ቀን የነጻነት ቀን ነበር፤ ዛሬም የሚያመሰግነው አለ። ጓሳ ላይ ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ርስት ሲቀር በርስት ላይ የቆመው ሥርዓትም አብሮ ቀረ። የአስቦ ልጅ፣ የጌራ ልጅ ማለት ትርጉም አጣ። አባ ቄራ ሥልጣናቸው ከየት ይምጣ? መሬቱ የመንግሥት ነው። መንግሥት ደግሞ 3,500 ሜትር ላይ ቆሞ ሣር አይጠብቅም።

ከዚያ የሆነውን መገመት አይከብድም። መብት ያለውም የሌለውም ገባ። ሣሩ ሳያድግ ተጋጠ። ዳር ዳሩ እየታረሰ ገባ። የጋራ የነበረው ባለቤት አልባ ሆነ።

ይህን ምዕራፍ የሚያስተምር ሰው ግን አንድ ወጥመድ አለበት። «የጥንቱ ሥርዓት ጥሩ፣ አዋጁ መጥፎ» ብሎ ቢያልፍ ተማሪዎቹን ያሳስታል። በቄሮ ዘመን ከአስቦም ከጌራም ያልተወለደ ሰው ምን ነበረው? ርስት የሌለው ባለ እጅ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ ሰው፣ ጓሳ ሲዘጋም ሲከፈትም ለእሱ የሰው ሣር ነበር። ለእነዚህ ሰዎች 1967 በር የከፈተ ዓመት ነው። ስለዚህ የፈረሰው ሥርዓት ሰላም ነበረው፤ ሰላሙ ግን የሁሉም አልነበረም። ወጣት መኮንን ይህን ካልያዘ ነገ «የአገር ሽማግሌ ወስኗል» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ፣ ሽማግሌው ማንን ትቶ እንደወሰነ ሳይጠይቅ፣ ኃይል ይዞ ይወጣል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ነው። ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጓሳን የሚያዋስኑት የገበሬ ማኅበራት ተነጋግረው ኮሚቴ አቋቋሙ። ስሙን ኢድር አሉት። ከርስት ይልቅ በቀበሌ ነዋሪነት ላይ የቆመ ነበር። መዝጋትና መክፈቱ በአዲስ መልክ ተጀመረ። እንደ ድሮው ጥብቅ አልነበረም፤ ግን ነበረ። የዱር እንስሳት ባለሙያው ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ ይህን ሁሉ አጥንተው በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን ሠርተውበታል። በኋላም የፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር አጋር ሆኖ ገባ። ቦታው በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። የማኅበረሰቡ ጠባቂዎች ተቀጠሩ፤ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ።

ደርግ ካፈረሰው ነገር ውስጥ ስንቱ በራሱ ሰው ተመልሶ ቆመ? ብዙ ቦታ ያለው የጋራ ግጦሽ በዚያው ጠፍቶ ቀርቷል። ጓሳ ያልጠፋው፣ በእኔ ግምት፣ ሰዎቹ የድሮውን ሥርዓት እንዳለ ለመመለስ ስላልሞከሩ ነው። የመዝጋት ልማዱን ያዙ፤ የዘር ሐረጉን ተዉት።

በልግ ሲከዳ

አሁን የአየር ንብረቱን ነገር እናምጣ። የኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ትንተና በአንዳንድ የአገሪቱ ክፍሎች የበልግና የክረምት ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀንሷል ብሏል። የ2007 እና የ2008 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ትዝ ይለናል። መጀመሪያ በልጉ ከዳ። ቀጥሎ በኤልኒኞ ምክንያት ክረምቱም ተዛባ። 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ።

መንዝ ላይ ሙቀት መጨመር ሁለት ፊት አለው። አንድ ሰው «እሰይ፣ ብርዱ ይቀንስልናል» ቢል አልፈርድበትም። ውርጭ ሲቀንስ ገብስ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ችግሩም እሱ ነው። ድሮ ጓሳን ከሕጉ ሌላ ብርዱም ይጠብቀው ነበር። ለማረሻ የማይመች ስለነበር ብዙ ሰው አልተመኘውም። ብርዱ እየላላ ሲሄድ መሬት ያጣው ወጣት ሜዳውን በሌላ ዓይን ያየዋል። ቀይ ቀበሮው ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ተራራ የለውም፤ በመላ አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። ይህ የአካባቢ ጥበቃ ወሬ ይመስላል። ግን በአንድ ሜዳ ላይ አራሽ፣ አርቢና ጠባቂ ሲፋጠጡ የሚጠራው ፖሊስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰኔ 2001 ዓ.ም. ጓሳ ላይ የበረሃ አንበጣ መንጋ ወረደ። ጭላዳ ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ጭላዳዎቹ ሣሩን ትተው አንበጣ ሲለቅሙ አይተው ጽፈዋል። የበረሃ አንበጣ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ! ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ትልቁ መጣ። የእሱን ምንጭ ወደ ኋላ ብንከተል ባዶው ሩብ የሚባለው የዓረቢያ በረሃ ውስጥ እንገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በዚያ በረሃ ዝናብ አፈሰሱ። አንበጣው ማንም ሳያየው ተራባ። ወደ የመን ገባ፤ የመን ጦርነት ላይ ናት፤ የሚረጭ የለም። ከዚያ ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። የምሥራቅ አማራ ቆላ ገበሬ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ማሽላውን በጅራፍና በጩኸት ሲከላከል ነበር። የአየር ንብረትና የደህንነት ግንኙነት ምን ማለት ነው ለሚል ዕጩ መኮንን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። የሌላ አገር አውሎ ነፋስ፣ የሌላ አገር ጦርነት፣ የይፋት ማሽላ።

ቁልቁል፣ ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ

ከጓሳ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲታይ ይፋት ነው። አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ። አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባ፣ አፋር የሚገናኙበት አገር ነው። በዚህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ምን እንደደረሰ ለሰሜን ሸዋ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ነደደች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፎ ሊመጣ ነው ተብሎ ሰው ተጨነቀ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለው ደግሞ ዛሬም አላለቀም።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። አጣዬን ያቃጠላት የአየር ንብረት ለውጥ አይደለም። ቤት ያቃጠሉት ሰዎች ናቸው፤ ጉዳዩም ፖለቲካ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በዝናብ ማነስ ማሳበብ ጥፋተኛን ነጻ ማውጣት ነው። አንዳንድ ባለሥልጣን ይህን መንገድ ይወደዋል። ሰማይ አይከሰስማ!

ሳይንሱም ይህን ይደግፋል። በአየር ንብረት ላይ የሚሠራው የመንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአየር ንብረት በግጭት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከፖለቲካውና ከኢኮኖሚው ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው ብሏል። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ከማርሳቢት የመጣ ጥናት ነው። እዚያ በከብት ዝርፊያ የሚሞተው ሰው የሚበዛው በድርቅ ዓመት ሳይሆን ዝናብ በጣለበት ዓመት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ሲያስቡት ግልጽ ነው። ዝናብ ሲጥል ሣሩና ቁጥቋጦው ዘራፊ ይደብቃል። ከብቱም ረጅም መንገድ ይነዳል። በድርቅ ጊዜ ግን ሰው ውሃ ለመጋራት ስለሚገደድ ይታረቃል። እንግዲህ «ድርቅ መጣ፣ ግጭት ይመጣል» ብሎ የሸመደደ መኮንን ማርሳቢት ላይ ኃይሉን በተሳሳተው ዓመት ያሰማራ ነበር።

ታዲያ የአየር ንብረት ምንም አያደርግም? ያደርጋል፤ በሌላ በር ይገባል። አዋሽን እንይ። የቆቃ ግድብ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ወንዙን ተከትለው ተስፋፉ። የያዙት መሬት አፋሮች በበጋ ከብት ይዘው የሚሸሹበት ነበር። ዝናብ በነበረ ጊዜ ጉዳቱ ብዙም አልታየም። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ ግን መሸሻው ተይዟል። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም አለቀ። ጓሳና አዋሽ በአንድ ገደል ላይና ታች ናቸው። ላይ የክፉ ቀን ሣሩ ሕግ ነበረው። ታች የክፉ ቀን ሣሩ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ተወሰደ። ሁለቱንም ያገኛቸው ያው የአገሪቱ ድርቅ ነው።

ዓለም ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አውርቷል፤ በአጭሩ ልለፈው። የመንግሥታቱ ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አየር ንብረት የተወያየው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያው ዓመት ጡረታ የወጡ የአሜሪካ ጄኔራሎችና አድሚራሎች ጉዳዩን ስጋትን የሚያባዛ ነገር ብለው ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 አየርላንድና ኒጀር ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ 12 ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ጣለችው፤ ሕንድም ተቃወመች። ጉዳዩ የልማት ነው ወይስ የጸጥታ የሚለው ክርክር አላለቀም። መሐል ሜዳ ላይ የቆመ የወረዳ ፖሊስ አዛዥ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ወታደሩም ውሃ ይጠማዋል

እኛ አገር ይህን ትምህርት ከጦሩ ታሪክ ውስጥም ማውጣት ይቻላል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ያለው የአራተኛ ብርጌድ ጦር አመጸ። ጥያቄው የርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የምግብና የውሃ ነበር። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከልክሏል። ሊያረጋጉ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸው፤ «የምንበላውን ብሉ፣ የምንጠጣውን ጠጡ» ብለው አስገደዷቸው። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ፣ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ፣ ዘውዱ ወደቀ። ዘውዱን የጣለው ፓምፕ ነው አልልም። የወሎ ረሃብ ነበር፣ የነዳጅ ዋጋ ነበር፣ የተማሪው፣ የመምህሩ፣ የታክሲ ነጂው ጥያቄ ነበር። ግን በረሃ ላይ ጦር የሚያሰፍር አዛዥ ስለ ውሃ ካላሰበ ምን እንደሚከተል ከነገሌ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ስለ አየር ንብረት የሚማር ዕጩ መኮንን ትምህርቱ ስለ ገበሬው ብቻ ከመሰለው ነገሌን ያንብብ።

ልምምዱ

ጉዳዩን ክፍል ውስጥ ሳስበው እንዲህ ነው የማየው። ተማሪዎቹ ከላይ ያለውን አንብበው ይመጣሉ። ከዚያ የፈጠራ ሁኔታ ይሰጣቸዋል። በልግ ሁለት ዓመት ቀርቷል። ጓሳ ዝግ ነው። የአንዱ ቀበሌ ሽማግሌዎች ዛሬ ይከፈት ይላሉ። የሌላው ሽማግሌዎች ሣሩ አልደረሰም ይላሉ። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ደግሞ ከእነጭራሹ ዳር ዳሩ ይታረስ፣ እኛስ የዚህ አገር ልጆች አይደለንም ወይ ይላሉ። የጥበቃ ሠራተኛ ተደብድቧል። ቆላ ያለው ሰው ምንጩ ደረቀ ብሎ ወደ ላይ እያየ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃይል ላኩ ብሎ ይደውላል።

ብዙዎቹ ከኃይሉ ብዛት ይጀምራሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ስንት ሰው፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት። ይህ ስህተት አይደለም፤ ሙያቸው ነው። ሰው ተደብድቧልና ሕግ መከበር አለበት። ግን ኃይሉ ሜዳው ላይ ሲደርስ የማንን ውሳኔ ነው የሚያስከብረው? የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች? የሁለተኛዎቹን? ኮሚቴው ተሰብስቦ ካልወሰነ የሚያስከብረው ነገር ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ኮሚቴው በአስቸኳይ እንዲሰበሰብ፣ ወጣቶቹም ወንበር እንዲኖራቸው ቢሆን ጥሩ ነው። ፖሊሱ እስከዚያ ድረስ ደብዳቢውን ይፈልግ፤ ሜዳውን ግን አይክፈት፣ አይዝጋ። ጠመንጃ የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ሣር ከከፈተ ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ጠመንጃ ያለው ነው። ዛሬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጠመንጃ ያለው ደግሞ አንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ተቃውሞ ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። አንዱ ተማሪ ኮሚቴው የአንድ ወገን ሰዎች ስብስብ ቢሆንስ ይላል። ሌላው በጦርነት ቀጠና ማን ስብሰባ ይጠራል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለሁለተኛው እኔም የተዘጋጀ መልስ የለኝም። ደርግ በአዋጅ ያፈረሰውን ሰዎቹ በንግግር መልሰዋል፤ ያ የሆነው ግን ሰው ከቀበሌ ቀበሌ ሳይፈራ መሄድ በሚችልበት ጊዜ ነው።

በጽሑፍ የሚያቀርቡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ የወረዳቸው የዓመት መቁጠሪያ። ዝናቡ መቼ ይጠበቃል? ከብቱ መቼ ወዴት ይንቀሳቀሳል? የትኛው ሣር መቼ ይዘጋል፣ ማንስ ይዘጋዋል? ገበያው የት የት ነው? በጓሳ ሐምሌ 5 የተጻፈበት ቦታ ሌላ ወረዳ ላይ ምን አለ? ምንም ከሌለ ባዶውን ይተዉት፤ ለመኮንኑ ከሞላው ሣጥን ይልቅ ባዶው ይነግረዋል።

ትምህርቱ የሚሰጥበትን ወር እንድመርጥ ከተፈቀደልኝ ጥር ይሁን። የበልግ ትንበያ የሚወጣው በዚያ አካባቢ ነው። ተማሪዎቹ ትንበያውን ከመቁጠሪያቸው ጎን አስቀምጠው እስከ የካቲት የትኞቹን ሰዎች ማነጋገር እንዳለባቸው ስም በስም ይጻፉ። ስም መጻፍ ያልቻለ ወደ ወረዳው ሄዶ ጠይቆ ይመለስ።